የኪሮሽ ጉባኤ መካፈል ላሰባችሁ፦ ውጭ አገር፣ በኢንተርኔት፣ አዲስ አበባ ወይስ እዚሁ ጎጃም?

በፍኖተ ሰላም የምታስተምር አንዲት ወጣት መምህርት ባለፈው ክረምት ደብረ ማርቆስ ቤቴ መጥታ ነበር። ቶናው እየተቀዳ ሳለ እንዲህ ስትል ጠየቀችኝ፦ «እትዬ፣ ሁለት ዓመት ሙሉ ያጠራቀምኩት ገንዘብ አለኝ። አሜሪካ ውስጥ የኪሮሽ ሠሪዎች ጉባኤ አለ ይላሉ። ልሂድበት ወይስ ክር ልግዛበት?»

በእጇ የያዘችው የረከቦት ልብስ ነበር። ዳር እስከ ዳር ዓይኑ፣ ማለትም መርፌው አንድ በአንድ የሚይዘው ቋጠሮ፣ እኩል፣ ዙሩ ያልጎበጠ፣ የተቋጠረበት ቦታ ቢፈለግ የማይገኝ ሥራ። እንዲህ ያለ እጅ ያላት ልጅ የትም ብትሄድ አንገቷን አትደፋም። የጠየቀችኝ ግን ስለ እጇ ሳይሆን ስለ ገንዘቧና ስለ ጊዜዋ ነበር። ያን ቀን የመለስኩላት ባጭሩ ነው። ከእርሷ በኋላ ሌሎችም ተመሳሳይ ጥያቄ ስላመጡልኝ፣ እኔም ነገሩን ከዓመት ዓመት ሳወጣና ሳወርድ ስለቆየሁ፣ አሁን በሰፊው ልጽፈው ወደድኩ።

አማራጮቹን ከማነጻጸራችን በፊት አንድ ነገር ለራሳችሁ መልሱ፦ ምን ጎድሏችኋል? ጉባኤ የሚኬደው ጉድለት ለመሙላት ነው። አንዷ የጎደላት አዲስ አሠራር ነው፤ የእናቷን ዳንቴል በሚገባ ትሠራለች፣ ልብስ መሥራት ግን አልሞከረችም። ሌላዋ ዕቃ ነው ያጣችው፤ ከተማዋ ውስጥ የሚገኘው ክር ሁለት ዓይነት ብቻ ነው። ሦስተኛዋ ሥራዋ በቁም ሣጥን ተከማችቶ ገዢ አጥታለች። አራተኛዋ ደግሞ ይህ ሁሉ አላት፤ አብሯት የሚቀመጥ፣ ሥራዋን አይቶ «እዚህ ጋ ዓይን ጨምረሻል» የሚላት ሰው ግን የላትም። እነዚህ አራት ጉድለቶች በአንድ ቦታ አይሞሉም። ብዙ ገንዘብ ሲባክን ያየሁት የአራተኛዋ ዓይነት ጉድለት ያለባት ሴት ለመጀመሪያዋ የሚሆን መድኃኒት ስትገዛ ነው።

ባሕር ተሻግሮ መሄድ

ኪሮሽ የሚለው ቃል የመጣው ከፈረንሳይኛ ነው፤ ትርጉሙም ትንሽ ሜንጦ ማለት ነው። እኛ መርፌ በምንላት በዚህች ትንሽ ሜንጦ ዙሪያ ከተቋቋሙት ማኅበራት ስሙ የታወቀው የአሜሪካ የኪሮሽ ማኅበር ሲሆን የተመሠረተው በፈረንጆች አቆጣጠር በ1994 ነው። ጉባኤው «ቼይን ሊንክ» በሚል ስም ይታወቃል፤ የሰንሰለት ማያያዣ ማለት ነው። ስሙን እወደዋለሁ፤ አብዛኛው የኪሮሽ ሥራ የሚጀመረው ከሰንሰለት ነውና።

ጉባኤ ሲባል እኛ አገር የሚታሰበው አዳራሽ፣ መድረክና ረጅም ንግግር ነው። እንዲህ ያለው ጉባኤ ግን አብዛኛው ሰዓት መርፌ ተይዞ የሚያልፍበት ነው። ትምህርቱ የሦስት ወይም የስድስት ሰዓት ክፍለ ጊዜ ሆኖ ይከፈላል፤ ለእያንዳንዱ ለብቻ ትመዘገባላችሁ፣ ለብቻ ትከፍላላችሁ። ተፈላጊ የሆነው መምህር ክፍል ቀድሞ ይሞላል። ብዙዎቹ መምህራን የቤት ሥራ አስቀድመው ይሰጣሉ፦ «ይህን ያህል ዓይን፣ ይህን ያህል ረድፍ የሆነ ናሙና ሠርታችሁ ኑ» ይላሉ። ናሙናውን ሳይዝ የሄደ ሰው የመጀመሪያውን ሰዓት ሌላው ሲማር እርሱ ሲሠራ ያሳልፋል። ከትምህርቱ ጎን የክርና የመሣሪያ ገበያ አለ፣ የፈጠራ ውድድር አለ፣ ተሳታፊዎች ራሳቸው የሠሩትን ለብሰው የሚያልፉበት ትርዒት አለ፣ የጋራ እራት አለ።

ለዚህ ሁሉ ዋጋ የሚያሰጠው አንድ ነገር ነው፤ የአንድን የበቃ ሰው እጅ ከስንዝር ርቀት ማየት። ክሩ በየትኛው ጣት ላይ እንደሚጠመጠም፣ ምን ያህል እንደሚጠበቅና እንደሚላላ፣ የእጅ አንጓ እንዳይታመም መርፌው እንዴት እንደሚያዝ ከሥዕል አይገኝም። ክር ማጥበቅና ማላላት ከእጅ ወደ እጅ የሚተላለፍ ነገር ነው። እኔ ክር መያዝ የተማርኩት እናቴ ጣቴን ይዛ ስታስተካክልልኝ ነው፤ በቃል ብትነግረኝ ኖሮ እስከ ዛሬ አይገባኝም ነበር።

ወጪው ግን በቀላሉ የሚታለፍ አይደለም። የአሜሪካ የጎብኚ ቪዛ ማመልከቻ ብቻ 185 ዶላር ነው፤ ቪዛው ቢከለከልም ገንዘቡ አይመለስም። ለቃለ መጠይቁ አዲስ አበባ መውረድ አለ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የብር የምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ደግሞ በመስከረም ያሰባችሁት ወጪ በሰኔ ሌላ ሆኖ ሊጠብቃችሁ ይችላል። ስለዚህ በብር ያጠራቀመ ሰው ሒሳቡን በዶላር ይያዝ፤ የመመዝገቢያውን፣ የትምህርቱን፣ የሆቴሉንና የአውሮፕላኑን ለየብቻ ጽፎ፣ መመዝገቢያው ቪዛ ቢከለከል ይመለስ እንደሆነ በጽሑፍ ይጠይቅ። የጥሪ ደብዳቤም ጠይቁ፤ ለቪዛ ዋስትና ባይሆንም የምትሄዱበትን ምክንያት በግልጽ ያሳያል። ሥራችሁን ወስዳችሁ ልትሸጡ ካሰባችሁ ደግሞ በጎብኚ ቪዛ ዕቃ ዘርግቶ መሸጥ ይቻል እንደሆነ ሳትጠይቁ ሻንጣ አትሙሉ።

ሌላው የቀን ነገር ነው። የእነርሱ በጋ የእኛ ክረምት ስለሆነ፣ በሐምሌና በነሐሴ የሚደረግ ጉባኤ ለመምህራን ይመቻል። ግን ነሐሴ ከ1 እስከ 15 ፍልሰታ ነው። ጾመኛ የሆነ ሰው ሲመዘገብ «የምግብ ፍላጎት» በሚለው ቦታ ላይ «ቪጋን» ብሎ ይሙላ፤ ሥጋ፣ ወተትና እንቁላል የሌለበት ማለት ነው፣ ከጾማችን ጋር ይስማማል። ይህን ያልሞላ ሰው በጋራ እራቱ ላይ ዳቦ ብቻ ይዞ መቀመጥ ሊደርስበት ይችላል።

መርፌውን በተመለከተ የሚጨነቁ አሉ። የአሜሪካ የአየር ማረፊያ ጥበቃ የኪሮሽና የሹራብ መርፌ በእጅ ሻንጣ ይዞ መግባት ይፈቅዳል። ቢሆንም በመንገዳችሁ ላይ ሌሎች የፍተሻ ጣቢያዎችም አሉና ከእናታችሁ የወረሳችሁትን የብረት መርፌ በሚጫነው ሻንጣ ውስጥ አድርጉት፤ በእጃችሁ የቀርከሃ ወይም የፕላስቲክ ይዛችሁ ግቡ። ቢወሰድባችሁ የማታዝኑበትን ያዙ።

ከጉባኤው ጋር የሚምታታ ሌላ ነገር አለ፤ የክርና የሱፍ ትልልቅ ትርዒቶች። በለንደን አሌክሳንድራ ፓላስ በጥቅምት የሚደረገው የሹራብና የስፌት ትርዒት፣ በኒው ዮርክ ግዛት ራይንቤክ በተባለች ከተማ በዚያው ወር የሚደረገው የበግና የሱፍ ፌስቲቫል ከዚህ ወገን ናቸው። ትምህርት አልፎ አልፎ ቢኖራቸውም በዋናነት ገበያ ናቸው። ለእነዚህ ብላችሁ ከጎጃም ተነሥታችሁ እንድትሄዱ አልመክርም። ነገር ግን ልጃችሁን ወይም እኅታችሁን ልትጠይቁ እዚያ ከሆናችሁና ጊዜው ከገጠመ የአንድ ቀን ትኬት ቆርጣችሁ ግቡ። በግ ሲሸለት፣ ሱፍ ሲፈተል፣ ክር በቅጠልና በሥር ቀለም ሲነከር ያያል ሰው። እንዝርት የያዘች የጎጃም እናት እዚያ ብትቆም ሰው እንደሚከባት አልጠራጠርም።

ቤት ተቀምጦ በኢንተርኔት

ዋጋው ከሁሉ ያነሰ ነው፤ ቪዛ የለም፣ መንገድ የለም። መማር የምትፈልጉት አንድ የታወቀ አሠራር ከሆነ፣ ለምሳሌ ከጃፓን የመጣውን አሚጉሩሚ የሚባለውን የአሻንጉሊት አሠራር፣ ከዚህ የተሻለ አማራጭ አላውቅም። ሆኖም ሦስት ነገሮች አስቀድማችሁ ካላስተካከላችሁ ገንዘባችሁ ውሃ ይበላዋል።

አንደኛው ሰዓት ነው። ማስታወቂያው ላይ የሚጻፈው የእነርሱ ሰዓት ነው። የአሜሪካ ምሥራቅ ጠረፍ በበጋቸው ከእኛ 7 ሰዓት፣ በክረምታቸው 8 ሰዓት ወደ ኋላ ነው። ለንደን በበጋ 2፣ በክረምት 3 ሰዓት ወደ ኋላ ነው። ስለዚህ በኒው ዮርክ በበጋ ከጧቱ 9 ሰዓት የሚጀመር ትምህርት በእኛ አቆጣጠር ከቀኑ 10 ሰዓት ላይ ይውላል፤ መልካም ሰዓት ነው። ከቀትር በኋላ 2 ሰዓት የሚሉት ግን ለእኛ ከምሽቱ 3 ሰዓት ነው። ማታ 7 ሰዓት ካሉ በእኛ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ሆነ ማለት ነው፤ ቤተሰብ ተኝቶ፣ በአምፖል ብርሃን ነጭ ክር መቁጠር። ለእንዲህ ዓይነቱ ሰዓት ከመክፈላችሁ በፊት ትምህርቱ ይቀረጽ እንደሆነ፣ ቅጂውም ለስንት ቀን ክፍት እንደሚሆን ጠይቁ። ለእኔ ይህ ጥያቄ ከመምህሩ ስም ይበልጣል። በክረምት ነጎድጓድ ሲጀምር መብራት ይሄዳል፤ ባለፉት ዓመታት ደግሞ በክልላችን ኢንተርኔት ለወራት የተቋረጠበት ጊዜ እንደነበር ሁላችንም እናውቃለን። ቅጂ የሌለው ትምህርት ከጎጃም ሆኖ መግዛት ዕድልን መፈተን ነው። የምስሉ ጥራት ከፍ ሲል በአንድ ሰዓት ከ1 ጊጋባይት በላይ ሊበላ ስለሚችል ጥራቱን ዝቅ ማድረግም ልመዱ። ክፍያው በአብዛኛው በዶላር ስለሆነ በውጭ ምንዛሪ የሚከፍል ካርድ ለማግኘት ባንካችሁን ቀደም ብላችሁ አነጋግሩ።

ሁለተኛው የስም ነገር ነው፤ እዚህ ላይ የደረሰብኝን ልንገራችሁ። አሜሪካውያንና እንግሊዞች አንድ ቋንቋ እየተናገሩ የኪሮሽ ስፌቶችን በተለያየ ስም ይጠራሉ። አሜሪካዊቷ «ሲንግል ክሮሼ» የምትለውን አጭሩን ስፌት እንግሊዛዊቷ «ደብል ክሮሼ» ትለዋለች። አሜሪካዊቷ «ደብል» የምትለውን፣ ክሩ በመርፌው ላይ አንድ ጊዜ ተጠምጥሞ የሚሠራውን ረጅሙን፣ እንግሊዛዊቷ «ትሬብል» ትለዋለች። እኔ የለመድኩት የአሜሪካኑን ነበር። ከአንዲት እንግሊዛዊት መምህርት ክብ የጠረጴዛ ልብስ ለመማር ተመዝግቤ «ደብል» ባለች ቁጥር ረጅሙን ስሠራ ሰነበትኩ። አሥረኛው ዙር ላይ ሥራዬ እንደ ሳህን ጎድጉዶ ተነሣ። ሳምንት የፈጀ ሥራ ነበር። ፈትቼ ክሩን ስጠቀልል አለቀስኩ።

ምክንያቱን በኋላ ተረዳሁት። በአጭሩ ስፌት የሚሠራ ክብ ተዘርግቶ እንዲተኛ በየዙሩ 6 ያህል ዓይን ይጨመርበታል፤ በረጅሙ የሚሠራው ግን 12 ያህል ይፈልጋል። እኔ በረጅሙ እየሠራሁ የምጨምረው 6 ነበርና ክቡ ጠብቦት ጎደጎደ። በተቃራኒው ዓይን ሲበዛበት ዳሩ እንደ ጎመን ቅጠል ይሸበሸባል። በ1997 በፈረንጆች አቆጣጠር ዳይና ታይሚና የተባሉ የሒሳብ ሊቅ ይህንኑ መሸብሸብ ተጠቅመው ሃይፐርቦሊክ የሚባለውን፣ ወደ ዳር በሄደ ቁጥር እየሰፋ የሚሸበሸበውን የሒሳብ ቅርጽ በኪሮሽ ሠርተው በእጅ የሚዳሰስ አድርገውታል። ሥራው በሚጎብጥበትና በሚሸበሸብበት ጊዜ ሁሉ እርሳቸውን አስታውሳለሁ። እናንተ ግን ከመመዝገባችሁ በፊት «የምትጠቀሙት የአሜሪካን ስያሜ ነው ወይስ የእንግሊዝን?» ብላችሁ ጠይቁ። በምልክት የተሣለ ንድፍ ካላቸው እርሱን ምረጡ፤ ክብ፣ መስቀልና ዘንግ በየትኛውም ቋንቋ ይነበባልና።

ሦስተኛው ክሩ ነው። በትምህርቱ ማስታወቂያ ላይ «4 ቁጥር ክር» የሚል ታያላችሁ። ይህ የአሜሪካ የክር አምራቾች ምክር ቤት ያወጣው ከ0 እስከ 7 የሚሄድ የውፍረት መለኪያ ነው። የእኛ የዳንቴል ክር ከ0 ወገን ሲሆን 4 ቁጥር ደግሞ ከ5.5 እስከ 6.5 ሚሊ ሜትር በሆነ መርፌ የሚሠራ ወፍራም ክር ነው። በ1.5 ሚሊ ሜትር መርፌና በዳንቴል ክር ብትቀርቡ መምህርቷ የምታሳየውን ዓይን በራሳችሁ ሥራ ላይ ለማየት ትቸገራላችሁ። በከተማችሁ የሚገኘውን የሹራብ ክር ይዛችሁ በእርሱ ተማሩ፤ በኋላ ወደ ቀጭኑ ታወርዱታላችሁ።

ኢንተርኔት የማይሰጠው ነገር አንድ ነው። መምህርቷ እጃችሁን አታይም። ብታይም ሥራችሁን አንሥታ፣ ገልብጣ፣ ጀርባውን አታይም። የዳንቴል ጥራት ያለው ደግሞ ጀርባው ላይ ነው።

አዲስ አበባ

ይህን ባጭሩ ልለፈው። ከደብረ ማርቆስ 300 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ከደጀን ወደ ዓባይ በረሃ ወርዶ፣ ድልድዩን ተሻግሮ፣ ወደ ጎሐ ጽዮን መውጣት ነው። ከባሕር ዳር የሚነሣ ሰው በአውሮፕላንም መሄድ ይችላል። በኤግዚቢሽን ማዕከል ለእንቁጣጣሽ፣ ለገናና ለፋሲካ የሚዘረጋው ባዛር ጉባኤ አይደለም፤ ማንም ቁጭ ብሎ አያስተምራችሁም። ጉድለታችሁ ገበያ ወይም ዕቃ ከሆነ ግን ከሁሉ የሚቀድም ይህ ነው። ሥራችሁን የማያውቃችሁ ሰው አንሥቶ ሲያይ፣ ዋጋ ሲጠይቅ፣ መልሶ ሲያስቀምጥ ማየት ትልቅ ትምህርት ነው። ቦታ ተከራይቶ ከመሸጥ በፊት አንድ ጊዜ እንደ ገዢ ሄዶ የሌላውን ዋጋ መጻፍ ይሻላል። ከዚያ መርካቶ ወርዳችሁ ለዓመት የሚበቃችሁን ክር ከአንድ ሱቅ፣ በአንድ ቀን፣ ከአንድ ማቅለሚያ የወጣውን ግዙ። ነጭ ሁሉ አንድ ነጭ አይደለም፤ በኋላ የተጨመረ ክር ሲታጠብ ይለያል። መንገዱ እንዴት እንዳለ በዚያ ሳምንት የተጓዘ ሰው ሳትጠይቁ ግን አትነሡ።

እዚሁ ጎጃም መሰብሰብ

ልቤ ያለው እዚህ ነው፤ አልደብቅም።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ብቸና ለኀዘን ሄጄ በአንዲት ባልቴት ቤት አደርኩ። አልጋቸው ላይ የተዘረጋው ዳንቴል ዳሩ እንደ ወይን ዘለላ እየተንጠለጠለ የሚወርድ ነበር፤ እንዲህ ያለ ንድፍ በየትኛውም መጽሐፍ አላየሁም። ንድፉን ከየት እንዳገኙት ስጠይቃቸው «ከእቴቴ ነው» አሉኝ። ተጽፎ ያውቃል? አያውቅም። ለልጆቻቸው አስተምረዋል? ልጆቻቸው ከተማ ናቸው። ዓይኑን በቁጥር አያውቁትም፤ እጃቸው ያውቀዋል። በኩራዝ ብርሃን ልቆጥረው ሞከርኩ፣ ግማሹ ላይ ጠፋብኝ፣ በማግሥቱም መኪና ተነሣ። ያ ንድፍ በአሜሪካም በለንደንም ጉባኤ አይሰጥም። ከሞጣ እስከ ዳንግላ፣ ከቢቡኝ እስከ ቡሬ ስንት እንዲህ ያለ ንድፍ በስንት እጅ ውስጥ እንዳለ ሳስብ እንቅልፍ ይነሣኛል። ይህን ለመሰብሰብ ቪዛ አያስፈልግም። ቀን መቁረጥ፣ ክፍል መለመንና ቡና ማፍላት ይበቃል።

እንዴት ይደረግ? ከ12 እስከ 15 ሰው ይበቃል። ከዚያ ሲበልጥ የአንዷን እጅ ሁሉም ማየት አይችልም። ማኅበር ጠጥታችሁ የምታውቁ ሁሉ አደረጃጀቱን ታውቁታላችሁ፤ ተራ አለ፣ መዋጮ አለ፣ የሚያስተናግድ አለ። ጠበልና ጽዋው በሌለበት በዚያው ሥርዓት መሄድ ነው። የክፍሉ መስኮት ትልቅ ይሁን፤ ነጭ ክር በነጭ ብርሃን ይታያልና አምፖል አትመኑ። እያንዳንዷ ሁለት ሥራ ይዛ ትምጣ፦ አንድ የራሷን፣ አንድ ከእናቷ ወይም ከአያቷ የተረፈ። ከሰዓት በፊት የአሮጌውን ሥራ ዓይን መቁጠር፣ አጠገቡ ማስመሪያ አስቀምጦ ፎቶግራፍ ማንሣትና በካሬ ወረቀት ላይ በምልክት መሣል። ከሰዓት በኋላ አንዷ የምታስተምረው አንድ አሠራር፣ አንድ ብቻ። ሁለት ካደረጋችሁት አንዱም ሳይያዝ ይመሻል።

ክሩን አስቀድማችሁ አንድ ዓይነት አድርጉት። አንዷ በወፍራም፣ ሌላዋ በቀጭን ከመጡ ሥራቸውን ማነጻጸር አይቻልም።

የቀኑ ምርጫ ከሚመስለው በላይ ከባድ ነው። እኛ ጋ በበዓል ቀን ፈትል አይፈተልም፣ መርፌም የማይነኩ እናቶች ብዙ ናቸው። 12 ሚካኤል፣ 21 ማርያም፣ 27 መድኃኔዓለም፣ 29 በዓለ ወልድ ላይ ቀጥራችሁ እናቶች ቢቀሩባችሁ አትዘኑባቸው። ለከተማ ሰው ቅዳሜ ይመቻል፤ ከገጠር የምትመጣ እናት ግን ቅዳሜንም እንደ ሰንበት አክብራ መርፌ ላትይዝ ትችላለች። የምትፈልጉት ደግሞ እርሷኑ ነው። መምህራን በሚያርፉበት በመንፈቀ ዓመት ዕረፍት ከሳምንቱ መካከል፣ በዓል የሌለበትን ቀን ፈልጉ። የጥር ሠርግ ካለቀ በኋላ፣ ዐቢይ ጾም ከመግባቱ በፊት ያለው ጊዜ እስካሁን ከሞከርኩት ሁሉ የተሻለው ነው።

ባሕር ዳር ወይስ ደብረ ማርቆስ? ሁለቱም የየራሳቸው ወገን አላቸው። ባሕር ዳር የጨርቃ ጨርቅ ከተማ ናት። ፋብሪካው በፈረንጆች አቆጣጠር በ1961 የተቋቋመ ነው፤ ዩኒቨርሲቲውም የኢትዮጵያ የጨርቃ ጨርቅና ፋሽን ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት አለው። ስለ ጥጥና ስለ ክር ባሕርይ የሚያስረዳ ባለሙያ መጋበዝ ከፈለጋችሁ የሚገኘው እዚያ ነው። ማረፊያም ሞልቷል። ግን ሙቀት አለ፤ ከቀትር በኋላ እጅ ያልባል፣ የጥጥ ክር ደግሞ በላብ እጅ ይይዛል እንጂ አይንሸራተትም። ደብረ ማርቆስ ከባሕር በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ስላለች ጧት ጧት ጣት ይደነዝዛል፤ ከረፋዱ 4 ሰዓት በፊት ቀጭን ሥራ አይሠራም። ለብቸና፣ ለደጀን፣ ለሉማሜና ለደንበጫ ሰው ግን የምትቀርበው እርሷ ናት። በሁለቱ ከተሞች መካከል 260 ኪሎ ሜትር ያህል ስላለ አንዱን መርጦ ሁሉንም መጥራት አይቻልም። የእኔ ምርጫ የእናቶችን ንድፍ ለመሰብሰብ ደብረ ማርቆስ፣ ስለ ክር ለመማር ባሕር ዳር ነው። ፍኖተ ሰላም በመሐል ስላለች ለትንሽ ስብሰባ ከሁለቱም ልትሻል ትችላለች።

አንድ ነገር ልጨምር፤ ለእኔ ትልቅ ተስፋ ያለው ነው። በእንዝርት የተፈተለ የእጃችን ጥጥ አለን። ሸማኔ በጋቢና በኩታ የሚያውለውን ይህን ፈትል በኪሮሽ ለመሥራት የሞከሩ ብዙዎች «ይበጠሳል» ብለው ትተውታል። ነጠላው ፈትል በመርፌው ሲጎተት ይላላል፣ ከዚያ ይበጠሳል። ሁለቱን ወይም ሦስቱን አንድ ላይ አድርጎ፣ መጀመሪያ ከተፈተለበት አቅጣጫ በተቃራኒ ማክረር ያስፈልጋል። እኔ በሦስት ፈትል የከረረ ክር በ3 ሚሊ ሜትር መርፌ ሠርቼ አንገት ልብስ አውጥቻለሁ፤ ሁለት ጊዜ ታጥቦ ቅርጹ አልተለወጠም። ስብሰባችሁ ላይ ፈታይ እናቶችን ጥሩ። ክር የሚያከርሩና ኪሮሽ የሚሠሩ እጆች አንድ ክፍል ውስጥ ሲቀመጡ ምን እንደሚወጣ ገና አልታየም።

የዚህኛው አማራጭ ድክመት ግልጽ ነው። ከመካከላችሁ የማንም እጅ የማያውቀውን አሠራር ከራሳችሁ አታገኙትም፣ ገዢም አይመጣላችሁም። አስተናጋጇም ትደክማለች፤ በራሷ መርፌ ላይ አንድ ዙር ሳትሠራ ቀኑ ይመሻል።

ታዲያ ለማን የትኛው?

አሥር ዓመት የሠራች፣ እንግሊዝኛ የማያስቸግራት፣ ሥራዋን ለውድድር ለማቅረብ የበቃችና ቪዛ ብትከለከል የ185 ዶላሩ መጥፋት ቤቷን የማያናጋባት ሴት ወደ ውጭ ትሂድ፤ አትዘግይ። አንድ የተለየ አሠራር የምትፈልግ በኢንተርኔት ትማር፤ ግን ለብቻዋ ሳይሆን ሁለት ሦስት ሆነው በአንድ ስክሪን ፊት ይቀመጡ፤ አንዷ ያመለጣትን ሌላዋ ትይዘዋለች። ልትሸጥ የምትፈልግ አዲስ አበባ ትውረድ። ኪሮሽ ከጀመረች ሁለት ዓመት ያልሞላት፣ ወይም ሠርታ ሠርታ ብቻዋን የቀረች ግን በመጀመሪያ ጎረቤቶቿን ትሰብስብ። በውጭ ጉባኤ ላይ የምታሳየው ነገር የሚገኘው ከዚያ ነው።

መምህርቷ ወደ አሜሪካ መሄዱን ለሁለት ዓመት አቆየችው። ካጠራቀመችው ላይ ጥቂቱን አንሥታ ቅጂው ለስድስት ወር ክፍት የሆነ የኢንተርኔት ትምህርት ገዛች፤ ከሁለት የሥራ ባልደረቦቿ ጋር ያዩታል። እኔና እርሷ ደግሞ በመጪው የመንፈቀ ዓመት ዕረፍት ደብረ ማርቆስ ላይ 14 ሰው ጠርተናል። የብቸናዋን እናት የወንድሜ ልጅ በመኪና ሊያመጣልኝ ቃል ገብቷል። አልጋ ልብሳቸውን ይዘው እንዲመጡ ልኬባቸው «እኔ ከመጣሁ እርሱስ የት ይቀራል» ብለዋል። ካሬ ወረቀቱን ገዝቻለሁ፤ ማስመሪያና ማጉያ መነጽር የሚያመጣ ሰው ግን ገና አልተገኘም።